የእንሶስላው ፍልፈል

ሶዶ፣ ኅዳር 23

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የሳውላ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ ይፈሩሻል ወይስ እንደ እኔ ናቸው? በክረምት ስታስነጥሺበት የነበረው አፍንጫሽ ሳይቀር ደህና ነው ወይ? እኔ ከእጆቼ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ስለ እጆቼ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። አያታችን ደህና ናት። ጉልበቷ የሚናገረው ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው፤ አፏ ግን በበጋም አያርፍም። የአያታችን ወንድም ጋሼ አንጁሎም ደህና ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያስተዳድሩት መሥሪያ ቤት ስላጡ እኛን በማስተዳደር ላይ ይገኛሉ። አክስታችን አስካለች ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ ነበር፣ አሁን እየተሻላት ነው፤ አትደንግጪ። ላሟም ደህና ናት። ዳሞታ ተራራም ከቦታው አልተነሣም።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስፈለገ ትይኝ ይሆናል። በእኛ ቤት ስልክ ማለት የቤተሰብ ስብሰባ መሆኑን ረሳሽው? አንቺ በደወልሽ ቁጥር አያቴ «ድምፁን ክፈቱት፣ ሁላችንም እንስማ» ትላለች። ያለፈው እሑድ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትይኝ «ምንም የለም» ብሎ የመለሰልሽ አራት ሰው ነበር። ስለዚህ ይህን ከሒሳብ ደብተሬ መሐል ገንጥዬ ጽፌ፣ ለሥልጠና መጥታ ለነበረችው ባልደረባሽ ለሩት ሰጥቻታለሁ። ፖስታውን በሙጫ ለጥፌ፣ በሙጫው ላይ ፈርሜ፣ በፊርማው ላይ አንድ ጸጉሬን አጣብቄበታለሁ። ጸጉሩ ከሌለ ፖስታው ተከፍቷል ማለት ነው፤ ሩትን ጠርጥሪያት። ደህና ሰው ትመስላለች። ግን እኔ በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ደህና ሰው መምሰል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አይቻለሁ።

ነገሩ ስለ እንሶስላሽ ነው። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ስላለው፣ በጥር ሠርግሽ እጅሽና እግርሽ እንዲቀላበት ስለሚጠበቀው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አያቴ እንሶስላውን እንዴት አድርጋ እንዳሞላቀቀችው አላየሽም። ፀሐይ እንዳይነካው የደረቁ የእንሰት ቅጠሎች እንኳ አይቆረጡም። ዶሮ እንዳይጭረው በእሾህ ታጥሯል። አፈሩ ሁልጊዜ እንደ ረጠበ ጨርቅ መሆን አለበት፤ ዝናብ ሲጥል ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ወደ እሱ ነው የሚሄደው፣ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ አሸንዳው እኔ ነኝ። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ጸጉሬን ልታጠብ አንድ ጆግ ውሃ ስጠይቅ «ምነው፣ የምትዳሪው አንቺ ነሽ እንዴ?» ትለኛለች፤ ለእንሶስላው አንድ ጀሪካን ሲደፋ «ይጠጣ ልጄ፣ ይጠጣ» ትለዋለች። ልጄ! እኔን ልጄ የምትለኝ ስታመም ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ዘንድሮ አምሮበት ነበር። ግንዱ ውሃ የተሞላ ስለሚመስል በጥፍር ለመንካት እንኳ ያሳሳል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ብቻ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፣ ከኋላው ደግሞ ረጅም ቀጭን ጅራት ያንጠለጥላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽታው በረንዳ ድረስ ይመጣና ጋሼ አንጁሎ «ሽቶ የተቀባው ማነው?» እያሉ እኔን ያዩኛል።

ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ከፊደል በፊት የተማርነው እሱን ነው። አበባው ሳይረግፍ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ሥሩ አይነካም። ያለ ጊዜው የተቆፈረ እንሶስላ ውሃ እንጂ ቀለም የለውም። ሲቆፈርም እናቲቱ ሥር ዓይኗን እንደያዘች መሬት ውስጥ ትቀራለች፣ የሚወሰደው በጎኗ የወለደችው ብቻ ነው፤ በበልግ ዝናብ መልሳ እንድትበቅል።

እንግዲህ በጊፋታ፣ በአዲስ ዓመታችን ሳምንት፣ አንዱ ግንድ ዘንበል ብሎ ተገኘ። አፈሩ እርጥብ ነው፣ በሽታም የለበትም። አያቴ ጣቷን ከታች አስገብታ ዳበሰችና ፊቷ ተለወጠ። ልጆቹ የሉም። እናቲቱ ብቻዋን ቀርታለች። ከሳምንት በኋላ ሌላ ግንድ። ጥቅምት ሲገባ ሦስተኛው። ከሃያ ሦስት ግንድ እስካሁን ዘጠኙ ባዶ ሆኗል።

ጋሼ አንጁሎ ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። አልቀለድኩም፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዙበት ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ አላቸው፣ ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ በስንብት ስጦታነት የወሰዱት። አጀንዳ አንድ፦ የእንሶስላው መጥፋት። አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ልዩ። ልዩ ልዩ እኔ ነኝ። ከረጅም ንግግር በኋላ አጥፊው ፍልፈል መሆኑ ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቼ፣ ይህ ፍልፈል ቆፍሮ ሲጨርስ አፈሩን መልሶ እየደለደለ፣ በላዩ ደረቅ ቅጠል እያለበሰ፣ ለዘር የሚሆነውን እናት ሥር ለይቶ እየተወ ነውና የት ኮሌጅ ተመርቆ ነው ብዬ ጠየቅሁ። «አፍሽን ያዢ፣ ይህ ሳይንስ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወጥመድ አጠመዱ። ወጥመዱ እስከ ዛሬ የያዘው ፍጡር አንድ ነው፦ የጋሼ አንጁሎ አውራ ጣት።

አያቴ ፍልፈሉን አላመነችም። እሷ የጠረጠረችው ጎረቤታችንን እትዬ ወርቅውሃን ነው። ምክንያቱ ምን መሰለሽ? በመስቀል ዕለት እጃቸው ቀልቶ ታየ። ሴትዮዋ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እድሜያቸውን ሙሉ በየመስቀሉ እጃቸው ይቀላል፣ ከቦዩ ዳር የራሳቸው እንሶስላ አላቸው። ይህን አያቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አሮጌ ነገር ሁሉ አዲስ ማስረጃ ይሆናል። በአጥር በኩል የሚሄደው ጎመን ቀረ፣ በአጥር በኩል የሚመጣው የበርበሬ ዳጣ ቀረ፣ ሰላምታውም ቀረ። ወጡ ሳይቀር ጣዕሙን አጣ፤ የእሳቸውን ዳጣ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት የጋሼ አንጁሎን ነጭ ውሻ ጆሮ በእንሶስላ ማቅላቴ እንደ ወንጀል ታሪክ ተያዘብኝ። አያቴ በሁሉም ፊት ፍርድ ሰጠች፦ «ሌባው ከጎረቤት ከሆነ ጎረቤትነታችን ያበቃል። ከዚህ ቤት ከሆነ ደግሞ በሠርጉ ቀን ከሙሽራዋ ጎን አይቆምም።» ይህን ስትል ዓይኗ ከእኔ ላይ አልተነሣም።

ሚዜነቴ እኮ ነው! ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ቃል የገባሽልኝ። ልኬ ተወስዶ፣ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ተቀምጧል። ስለዚህ ሌባውን እኔው ራሴ ማግኘት ነበረብኝ።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። እንሶስላ የነካ እጅ አይዋሽም፤ በሳሙናም፣ በሎሚም፣ በአመድም ብትፈትጊው ሳምንታት ይኖራል። ስለዚህ የሰዉን እጅ ሁሉ መመርመር ጀመርኩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ቆሜ የሚወጣውን ሰው በሁለት እጄ እየጨበጥኩ፣ መዳፉን ገልበጥ እያደረግሁ፣ «ጌታ ይባርክዎ» እላለሁ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሽማግሌው አቶ ኤልሳዕ አክስቴን ጠርተው «ልጅቷ ተለውጣለች፣ ጸሎትሽ ተሰምቷል» አሏት። ቀይ እጅ ግን አላገኘሁም። የአቶ ኤልሳዕ መዳፍ ላይ የእስክሪፕቶ ቀለም፣ የመዘምራኑ መሪ ጣት ላይ የቲማቲም ወጥ፣ በቃ።

አሁን ሳስበው ሞኝነቴ ይገርመኛል። ሰው እጅ ብቻ ያለው ፍጡር ይመስል!

በጥቅምት አጋማሽ ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉሎ ሰፋፊ ቅጠሎቹ እየተመረጡ ተቀጥፈዋል። አመድ በሚደፋበት ጉድጓድ ውስጥ ከእነዚያ አንዱን ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ውስጡ የደረቀ ዝቃጭ ተጣብቆበታል፣ ዳሩ በቀጭን ጨርቅ ታስሯል፣ አብሮትም በእጅ ተጠልቆ የቀላ ፌስታል ነበር። እንሶስላ ተወቅጦ ሲለጠፍ በጉሎ ቅጠል እንደሚታሰር ለአንቺ አልነግርሽም። ፍልፈል ደግሞ ጨርቅ አያስርም።

ሁለተኛው ነገር ምንም የሚመስል አልነበረም። አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉኑኖ ሄዳ ሴቶችን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራ ስትመለስ እግሯን የማጥባት እኔ ነኝ። አንቺ ነበርሽ፣ ስትሄጂ ወረስኩሽ። ያ የጉኑኖ ጭቃ በካልሲ ውስጥ እንኳ እንዴት እንደሚገባ ታውቂያለሽ። ከጥቅምት ወዲህ ግን ውሃ አሙቄ ስቀርብ «ተይው፣ አንቺ ፈተና አለብሽ፣ ሂጂ አጥኚ» ትለኝ ጀመር። አክስቴ! ፈተና እያለብኝ ጎዳሬ ያስቆፈረችኝ አክስቴ! ቤት ውስጥም ካልሲ አታወልቅም። በቀትር፣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ያንን ግራጫ ካልሲ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ስባ ትቀመጣለች። ጥቁሩ ሽፍን ጫማዋ፣ ያ ሱቅ ስትልከኝ ከእግሬ እየወለቀ የሚያስቀኝ ሠላሳ ስምንት ቁጥሩ፣ ከበር ሥር ጠፍቶ ከአልጋዋ ሥር ገባ።

እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነበር። እግሯ ታሟል፣ ደብቃናለች ብዬ ፈራሁ። የቀበሌው ጤና ጣቢያ ደጅ ላይ እንኳ አድፍጬ ጠብቄያታለሁ። አልመጣችም።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከጉኑኖ ስትመለስ በራችን ላይ ካለው ዳገት ከሞተር ስትወርድ አዳለጣትና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ወዲያው እንደ እንጎቻ አበጠ። ጋሼ አንጁሎ ወጌሻውን ጋሽ ቦልቴን ይዘው መጡ። ጋሽ ቦልቴ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ካልሲው ይውለቅ» አሉ።

«በካልሲው ላይ ይሹኝ» አለች አክስቴ።

«እኔ አጥንት ነው የማሸው እንጂ ሹራብ አይደለም!» አሉ።

አልወለቀም። ጋሼ አንጁሎ በዚህ መሐል የመነኑ ያህል ተመስጠው ስለ ጨዋነት ንግግር ጀመሩ፤ የዛሬ ሴቶች ከአስካለች ይማሩ፣ ለወጌሻ እንኳ እግሯን አታሳይም፣ አሉና ጉልበቴ ላይ የቆመውን ቀሚሴን አዩት። አያቴ ትዕግሥቷ አለቀ። «ካልሲ አድርገሽ ነው እንዴ ከማህፀኔ የወጣሽው? አውልቂ!» አለቻት። አክስቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ሴት አገልጋዮችን ሰብስባ «ጌጣችሁ የልብ ይሁን፣ የውጭ አይሁን» እያለች ስታስተምር የኖረች፣ የሰው ዓይን ፈርታ የማታውቅ ሴት፣ በዚያች ሰዓት ልትሸሽ ቦታ ፈለገች። በመጨረሻ «ልጅቷ ታጥበኝ» አለች። «ልጅቷ ብቻ። ሌላ ሰው አይግባ።»

ደግፌ ወደ ጓዳ አስገባኋት። በሩን ዘጋሁ። መጽሐፍ ቅዱሷን ከራስጌዋ አንሥታ እጄን አስቀመጠችበትና ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩ። ከዚያ ካልሲውን አወለቅሁ።

መሐላው የአፍ ነው ብዬ በእስክሪፕቶ ልሾልክ እችል ነበር። አልሾልክም። ያየሁትን አልጽፍልሽም። ስለ ሰማሁት ግን አልማልኩም። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ተረከዜ ጋ ለራሴ አይታየኝም፤ እኩል ይዟል?» አለችኝ።

እኔ ለጋሼ አንጁሎ፣ ለርእሰ መምህሩ፣ ለሁሉ መልስ የማላጣው ልጅ ተንበርክኬ ተረከዟን አየሁ። «እኩል ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። «ሦስቴ አልያዘልኝም ነበር» አለች፣ አሁንም ግድግዳውን እያየች። «ጊዜው አልደረሰም ነበር፤ እያወቅሁ አልቻልኩም።»

በዚህ መሐል አያቴ በሩን መደብደብ ጀመረች። ወጌሻው ይሄዳሉ፣ ምን እየሠራችሁ ነው፣ ትላለች። በጓዳው የኋላ በር ዘልዬ ወጣሁ፣ ከአሸንዳው ሥር ያንን ደም የመሰለ የሰፈራችንን ቀይ ጭቃ በባልዲ ዛቅሁ፣ ተመልሼ ሁለቱንም እግሯን ከጣቷ እስከ ባቷ ግድግዳ እንደሚለስን ሰው ለሰንኩት። አያቴ፣ ጋሽ ቦልቴና ጋሼ አንጁሎ ሲገቡ አክስቴ ሁለት ቀይ ምሰሶ ተክላ ተቀምጣለች። ጋሽ ቦልቴ ቆመው አዩና «ይህን ማን አስተማራት?» አሉ። ምን ልበል እያልኩ ሳስብ ጋሼ አንጁሎ ቀደሙኝ፦ «የአባቶቻችን ነው። ቀይ አፈር እብጠት ይስባል። እኔ ነኝ የነገርኳት።» ያልታመመው እግር ለምን እንደተለሰነ የጠየቀ የለም። ጋሽ ቦልቴ በጭቃው ላይ አሽተው፣ ሦስት ቀን እንዳይታጠብ አዝዘው ሄዱ። እንግዲህ የአባቶቻችን ጥበብ እንዴት እንደሚወለድ አየሁ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጋሼ አንጁሎ ፍልፈሉን ትተው ወደ አያቴ ሐሳብ ዞረው ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ከአቶ ኤልሳዕና ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር እትዬ ወርቅውሃ ቤት ገብተው ጉዳዩን «በይፋ» ሊያነሡ ቀጠሮ ያዙ። ሌባ ነሽ ሊሏቸው እኮ ነው፣ በሽማግሌ! አክስቴ ይህን ከአልጋዋ ሆና ሰማች። እንደማታስችል አወቅሁ፤ ትነሣና ትናገራለች። ከዚያ ጉኑኖ ያሉት ሴቶች፣ የመዘምራኑ መሪ፣ የሶዶ ባጃጅ ሹፌር ሁሉ በአርባ አራት ዓመቷ ምን እንዳደረገች እያወሩ ይስቁባታል። መሳቅ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ እትዬ ወርቅውሃ ዘንድ ሄድኩና ትንሽ እንሶስላ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። «የራሳችሁ እያላችሁ?» አሉኝ። ከእሱ መቁረጥ አልችልም፣ አያቴ የተከለችው ለሙሽራዋ ነው፣ አልኩ።

ሳቁ። የሚያስቅ ሳቅ አልነበረም።

«ማን ተከለው? ማንም አልተከለውም» አሉኝ። «እናትሽ ስታርፍ አንቺ የአርባ ቀን ጨቅላ ነበርሽ። ለአስካለች ሠርግ የቀረው አራት ቀን ነው። እንሶስላው ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ በሰፌድ ተቀምጧል። ሠርጉ ለዓመት ይተላለፍ ተባለ። ዓመት ሲሞላ አንቺ እሷን እማ ማለት ጀምረሻል፣ እህትሽም ከእቅፏ አትወጣም። ሰውየው እኔ የጠየቅሁት ሚስት ነው እንጂ ሁለት ልጅ አይደለም ብሎ ሌላ አገባ። ያንን ሰፌድ በለቅሶው ሰሞን ማን ያየዋል? ደርቆ ሲጨማደድ ከእንሰቱ ሥር የደፋሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ጥላና እርጥበት አገኘ፣ በበልግ በቀለ። አያትሽ ባዳቾ ውሃ አጠጣች እንጂ አልተከለችም።»

አንቺ ያን ጊዜ አሥር ዓመትሽ ነበር። ታስታውሺያለሽ። ታስታውሺ ከነበረ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም? ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ከተጠርጣሪዎቼ አንዷ ነሽ።

እትዬ ወርቅውሃ እንሶስላውን ወቀጡልኝ። ለምን እንደሆነ አንዴ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ለሌብነት» አልኳቸው። ፊቴን አዩት፣ ቀጥሎ በአጥሩ ላይ አሻግረው የአክስቴን መስኮት አዩት፣ ከዚያ ሁለቱም መዳፌ ላይ ለጥፈው በጉሎ ቅጠል አሰሩልኝ። እስኪመሽ እንደ ቦክሰኛ እጄን ታስሬ ተቀመጥኩ፤ የዘማሪዎች ልምምድ አመለጠኝ፣ አቶ ኤልሳዕም ተለውጣለች ያሉትን ሳይመልሱት አልቀሩም።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ፣ ጋሼ አንጁሎ መዝገባቸውን ከፍተው «አጀንዳ አንድ» ሲሉ፣ ሁለት እጄን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ አድርጌ ወጣሁ። «ፍልፈሉ እኔ ነኝ» አልኩ።

ያን ጊዜ ጋሼ አንጁሎ ፊታቸው ላይ የታየውን ኀዘን ብታዪው! ፍልፈላቸውንም፣ ጉዟቸውንም በአንድ ቃል ወሰድኩባቸው። ቢሆንም መዝግበውታል። አያቴ ግን አልተቆጣችም። ጠራችኝ። እጄን ያዘች። ገለበጠችው፣ ወደ ብርሃን አቀረበችው፣ አሸተተችው። የእንሶስላ ቀለም ዕድሜውን አይደብቅም፤ የከረመው ይጠቁራል፣ የዕለቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ስርቆቱ ከጊፋታ ጀምሮ ነው፣ የእኔ እጅ ደግሞ የትናንት። ይህን ከአያቴ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም። እኔ በችኮላዬ ያንን አላሰብኩትም ነበር።

እጄን እንደያዘች ቀና ብላ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ጓዳው አየች። አክስቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ እስከ ባቷ ጭቃ። ካልሲዎቹ መስኮቱ ላይ ተሰጥተዋል። «እማዬ፣ ልጅቷ ሳትሆን...» ብላ ጀመረች።

«አንቺ ዝም በይ» አለች አያቴ። ድምፅዋ የተለመደው ድምፅዋ አልነበረም። «አንቺ እግርሽን አርፈሽ አድርቂ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «ሌባዋ ተገኝታለች። ወርቅውሃን እኔው ሄጄ ይቅርታ እለምናታለሁ። ይህች ደግሞ ሚዜ አትሆንም» አለች። እጄን ስትለቅ ግን ጠበቅ አድርጋ ጨብጣ ነው የለቀቀችው። አመመኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ ስልክ ስትደውዪ ይህን ፍርድ ትሰሚያለሽ። አትከራከሪ። ስለ እኔ አትለምኚ። ድምፁ ክፍት መሆኑን አትርሺ። ያ ቀሚስ ከሚዜ ጀርባም ሆኖ ይለበሳል። ሁለት ቀን አልቅሻለሁ፤ ይህንን ለማንም አትንገሪ፣ በሰፈሩ ስም አለኝ።

ዳጣው ትናንት በአጥሩ በኩል መጥቷል። እዚያ በኩል ደግሞ ጎመን ሄዷል። ዛሬ ጠዋት አያቴ ጀሪካን አሸክማ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና የቀሩትን አሥራ አራት ግንዶች አንድ በአንድ ቆጠረች። «ለሙሽራዋ እጅ ይበቃል። እግሯ በጫማ ነው የሚውለው» አለች። ቀጥላ ከሁሉ ያማሩትን ሦስት ግንዶች መርጣ ከነጠላዋ ዳር በቀደደችው ክር አሰረቻቸው። እነዚህስ ምን ሊሆኑ ነው አልኳት። «እነሱ ባለቤት አላቸው። አበባቸው እስኪረግፍ ይቆዩ። ዘንድሮ በጊዜው ይቆፈራል» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል።

ሦስት ነገር ልለምንሽ። አክስቴን ምንም አትጠይቂያት። በሠርግሽ ዋዜማ እጅሽን ሊያቀሉሽ ሲቀመጡ ደግሞ «በሳውላ ሙሽራ ብቻዋን አትቀላም፣ ያሳደገቻት ሴት አብራ ካልተቀላች ትዳሩ አይባረክም» በይ። እንዲህ ያለ ወግ መኖሩን አላውቅም፤ ያየሽ ሰው ሁሉ እንዲያምንሽ ግን ኮስተር ብለሽ ተናገሪው። ጋሼ አንጁሎ ወዲያው የአባቶቻችን ነው ይላሉ፤ ጭቃውን ያመነ ይህንንም ያምናል።

ሦስተኛው ጫማ ነው። ስትመጪ አንድ ክፍት ጫማ ግዢ፤ ጣትም ተረከዝም የሚያሳይ፣ ካልሲ የማይገባበት። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት። የእኔ ሠላሳ ስድስት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ለእኔ መስሎሽ እንዳትሳሳቺ።

አያቴ እንደምትመርቀው ልመርቅሽ፦ የገባሽበት ቤት የእንሰት ጥላ ይሁንልሽ፣ እግርሽ ከእርጥብ መሬት አይራቅ፣ ቢቆፍሩብሽም እናቲቱ ሥር አትነካብሽ። ባልሽ ለሚሆነው ሰው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መዳፉንም አንድ ቀን እመረምረዋለሁ በይው።

ፖስታው ላይ ጸጉሬን ማየትሽን አትርሺ።

እጇ ብርቱካን የሆነው
ሌባዋ ታናሽሽ